የአያ ታከለ ድንጋይ

ደብረ ማርቆስ በተከፈተ ኤግዚቢሽን ላይ ከእንግሊዝ፣ ከሴኔጋልና ከጃፓን የመጡ የጥንት የድንጋይ ክቦች ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለው አየሁ። በአብዛኞቹ ክቦች ላይ፣ በድንጋዮቹ መካከል አንዲት ክፍት ቦታ አለች፤ ከፎቶው ሥርም «ምናልባት መግቢያ» የሚል ተጽፏል። ሳላስበው እፎይ አልኩ።

ልጅ ሳለሁ የእናቴ ጉልቻ ተሰነጠቀና ሌላ ድንጋይ እንድፈልግ ላከችኝ። ሽማግሌዎች ከሚሸመግሉበት ዋርካ ሥር በክብ ከተደረደሩት መቀመጫዎች ትንሿን አንከባልዬ አመጣሁላት። ለካ የሽማግሌው የአያ ታከለ መቀመጫ ኖራለች! በማግስቱ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ ሲሰበሰቡ፣ «ማነው የወሰዳት?» ተባለ። ከእናቴ ጀርባ ተሸሸግሁ። አያ ታከለ ባዶውን ቦታ አዩና ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ።

«ተዉት፣ በር ይሁን» አሉ። «በር ከሌለውማ የተጣላ ሰው በየት ይገባል?» ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ተግሣጽ ይሁን ምሕረት ሳይገባኝ አድጌ፣ እሳቸውም ሳልጠይቃቸው አረፉ።

ከኤግዚቢሽኑ እንደወጣሁ ለእናቴ ደውዬ ያየሁትን ነገርኳት። ሳቀች።

«ድንጋይዋማ ይኸው እስከዛሬ ምድጃዬ ላይ ናት። ልመልሳት እንዴ?»

«ተያት እማዬ» አልኳት፤ «በሩን ትዘጋዋለች።»