የካርድ ክፍሏ ደወል

ካርድ ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ «ደወል» ነበር የምንላት። የታካሚውን ስም ከነአያቱ ስትጠራ የግቢው በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳይቀር ይሰማታል። የድምፅ ማጉያችን ከተበላሸ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሷ እያለች ማን ያሠራዋል?

ከዚያ ያ ሰውዬ ወደ ሕይወቷ መጣ። አራት ዓመት ሙሉ «ቀስ በይ፣ ሰው ምን ይላል?» እያለ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን አስለመዳት። በመጨረሻ «ጯሂ ሴት አልቻልኩም» ብሎ ጥሏት ሄደ። ይሂድ! እኔን ያበገነኝ መሄዱ አይደለም፤ «የሄደው በድምፄ ምክንያት ነው» ብላ ሥራ ቦታም ድምፅዋን መዋጧ ነው።

ሦስት ወር በሹክሹክታ ጠራች። ማንም አይነሳም፤ ካርዱ «የለም» ተብሎ ወደ እኔ መደርደሪያ ይመለሳል፤ እኔም የመለስኩትን ሳወጣ እውላለሁ። መከርኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሙቅ ውኃ በማር አመጣሁላት። «እትዬ፣ ጉሮሮዬን እኮ አላመመኝም» ትለኛለች። እሱንስ መች አጣሁት! አለቃችንም ታከተውና «ከሰኞ ጀምሮ ምድር ቤት ወርደሽ አሮጌ ፋይል ደርድሪ» አላት። እሺ አለችው። እሺ! ደሜ ፈላ።

ዓርብ ዕለት አንዲት እናት ምርኩዛቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ መጡ። ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ «የለም» ተብለዋል።

«ልጄ፣ ጆሮዬ ደከም ብሎ ነው ወይስ አልፈለጋችሁኝም?»

ፊቷ ልውጥ አለ። ካርዳቸውን ከእጄ መንጭቃ ስማቸውን ከነአባት ከነአያት ስትጠራ መስታወቱ ነዘረ፤ ሐኪሙ ራሱ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

«አቤት!» አሉ እናትየው፣ እዚያው ፊቷ ቆመው።

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ጎልማሳ ጆሮውን ይዞ «ኧረ ቀስ በይ እህቴ! ሰው ምን ይላል?» አላት።

እጇ ወደ አፏ ሄደ። አበቃ፣ ተመለሰችበት ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እጇ ግን አገጯ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ሰውማ “አቤት” ይላላ!» አለችው፤ አፏን ሳትሸፍን ከት ብላ ሳቀች፤ ቀጣዩንም ካርድ ነጠቀችኝ።

ሰኞ ምድር ቤት የወረደ የለም። ግራ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል፤ «ቀስ በይ» ብያት ግን አላውቅም።