ጥቁሯ መኪና እና የጠጁ ሰፈፍ

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት የራሱን ገዛ። ጥቁር ናት። በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች፣ ሬዲዮዋ አይሠራም፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች። ቀለሟ ግን ደህና ነበር፤ አባቴም የገዛት ለቀለሟ ብሎ እንደሆነ አይደብቅም። ነጭ መኪና ሳምንት ሙሉ ሳይታጠብ ንጹሕ መስሎ ሊውል ይችላል። ጥቁር ላይ ግን የጣት አሻራ፣ የደረቀ የውሃ ጠብታ፣ ጨርቅ ያለፈበት መስመር ሁሉ ይታያል። አባቴን ደስ የሚለውም ይኼው ነው፤ የሠራው ሥራ ይታይለታል።

ደብረ ማርቆስ ላይ ጥቁር መኪና መያዝ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክረምቱ ጭቃ ነው፣ በጋው አቧራ። ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ታጥባ ስትወጣ ንጹሕ ሆና የምትቆየው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ነው። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እኔና እሱ እናጥባታለን። እኔ ሰው ፊት ብዙ አልናገርም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ስማር ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የጠየቅሁት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ከአባቴ ጋር መኪና ማጠብ የምወደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሥራው ወሬ አይፈልግም። ጥላ ይፈልጋል፣ ሁለት ባልዲ ይፈልጋል፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው ስፖንጁ የሚለቀለቅበት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ክልክል ነው፣ ቀለም ይበላል። ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል። ጎማ የነካ ጨርቅ ወደ ላይ አይመለስም። ማድረቂያው የእናቴ አሮጌ ነጠላ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ፣ ለስላሳ።

እህቴ በጥር ልታገባ ሆነ። የሙሽራው ወገኖች ነጭ መኪና ሊከራዩ አስበው ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ እራት ላይ፣ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ፣ «እኔው ብወስዳትስ?» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። እህቴ ለእኔ ለብቻዬ «የቀብር መኪና እኮ ነው የምትመስለው» ብላኛለች። ለእሱ ግን እንዲህ አለችው፦

«እስቲ የሰርጌ ዋዜማ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ልያት አባዬ። ካማረችልኝ እሺ። ካላማረችልኝ ነጯ ትምጣ ብዬ እደውልላቸዋለሁ።»

«ይሁን» አለ።

በዚያ ሳምንት ኮቱን አስተኮሰ፣ ፀጉሩን ተስተካከለ፣ መሪውን በሳሙና አጠበ። የስንት አለቃ ልጅ እሱ በሚነዳው መኪና ሙሽራ ሆና እንደሄደች አውቃለሁ፤ ሲያጫውተን ነው ያደግነው። የገዛ ልጁን በገዛ መኪናው ማድረስ ምን ማለት እንደሆነለት ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ጀመርን። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ነበር፤ ሴቶቹ ሽንኩርት እየከተፉ፣ እሳት እየቆሰቆሱ ነው። መኪናዋን ከበሩ ውጭ፣ የግንቡ ጥላ ሥር አቆምናት። ውሃው እጅ ያደነዝዛል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ታጥባ፣ ደርቃ፣ መስተዋቷ በጋዜጣ ተወልውሎ አለቀ። የቀረው ፖሊሹ ነው። አባቴ ቆርቆሮውን ሲከፍተው ውስጡ ደርቆ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል።

«ሄጄ ልፈልግ» አለ። «እስክመጣ ማንም እንዳይነካት።»

እሱ እንደሄደ አክስቴ ብቅ አሉ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ የሰርጉን ጠጅ ለመጣል ከጉንደ ወይን ከተማ ቀደም ብለው የመጡ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግቢውን ሁሉ የሚያዝዙ እሳቸው ናቸው።

«ወዴት ሄደ ወንድሜ?»

«ፖሊሽ ፍለጋ ነው እትዬ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው። በስሱ ተቀብቶ ሲወለወል ያብረቀርቃል።»

ሰም የሚለውን ቃል መጥራት አልነበረብኝም።

«ሰም!» አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «ሰም አጥቶ ነው የእኔ ወንድም ከተማ ለከተማ የሚዞረው? በጎጃም ምድር ላይ?»

ወደ ጓዳ ገብተው ሲመለሱ በእጃቸው ድፍን ቢጫ ነገር ይዘዋል። የጠጁ ሰፈፍ ነው። ጠጁ ሲጠራ ከላይ የተንሳፈፈውን ገፍፈው፣ ጨምቀው፣ አድበልብለው አስቀምጠውታል። ከሰርጉ በኋላ አቅልጠውና አጥርተው ጧፍ ሊያደርጉት፣ ለደብራቸው ሊሰጡት ነበር።

«ለታቦት የሚበራ ለመኪና ያንሳል?»

አያንስም ነበር፤ ይበዛል እንጂ። ሰፈፉ ገና አልጠራም፤ ማሩ አልለቀቀውም፤ ፀሐይ ሲነካው እንደሚለሰልስና አቧራ እንደሚይዝ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ በልቤ ደርድሬ አፌ ላይ ሲደርስ የወጣው «አባዬ ማንም አይንካት ብሏል» የሚል ብቻ ሆነ፤ እሱም በሹክሹክታ።

«ማንም ሲል እኔን መቼ ጨመረ! አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ!» አሉ። «በይ ያን ጨርቅ አቀብይኝ።»

አቀበልኋቸው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ያምር ነበር። እሳት አስጠግተው እያለሰለሱ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርን ገልጠው፣ ሞተሩን የሚሸፍነውን ኮፈን፣ ጣሪያውን፣ የግራውን ጎን አዳረሱት። ሴቶቹ ቢላቸውን እንደያዙ ወጥተው አዩ፤ አንዷ እልል አለች። ከዚያ ፀሐይዋ የግንቡን ጫፍ አልፋ መጣች። አብረቅራቂው ደበዘዘ፤ የአክስቴ እጅ በሄደበት ሁሉ ቢጫ ሰንበር ቀረ፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የሚነሣው አቧራ እየመጣ ልጥፍ ይላል። ጣቴን አስጠጋሁ፤ ተጣበቀ።

የመጀመሪያዋ ንብ መስተዋቱ ሥር አረፈች። ቀጥሎ ሦስት መጡ። አበባ ባለቀበት ወር፣ የሰፈሩ ቀፎ ሁሉ ተርቦ ሳለ፣ እኛ ማር የተቀባ መኪና መንገድ ዳር አቁመናል። ጥቂት ቆይቶ ኮፈኑ ላይ የሚርመሰመሱትን መቁጠር አይቻልም ነበር።

«ውይ! ውይ! ሙሽሪትን ሊያጅቡ መጡ!» ብላ አንዷ ሴት ወንፊቷን ራሷ ላይ ደፍታ ሮጠች።

«አንቺን ፈልገው ነው፣ ጣፋጭ ነሽ ብለው!» አለቻት ጓደኛዋ።

«እነሱ ምን ያድርጉ፤ ማሩ የማን ሆነና!» አለች ሌላዋ ከዳሱ ውስጥ። «ጠጁን ጠጡ ብላችሁ አገር ስትጠሩ እነሱን ረሳችኋቸው።»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። አራት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

አባቴ በባጃጅ ደረሰ፤ በብጣሽ ወረቀት የተጠቀለለ ቆርቆሮ በብብቱ ይዟል። ወርዶ ቆመ። መኪናዋን አየ፣ ንቦቹን አየ፣ እኛን አየን።

«ማነው?»

አክስቴ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ነኝ የተናገርሁት።

«እትዬ ናቸው። ግን እኔ እንደሚበላሽ አውቄ ነበር።»

«አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«አዎ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም፤ ሰዓቱን ብቻ አየና ኮቱን አወለቀ። ፊቱ ላይ ያየሁት ግን ከቁጣ የባሰ ነበር፤ ነገሩን በልቡ ለነጯ መኪና ሊለቅቅላት የተዘጋጀ ሰው ፊት ነው።

«በይ አሁን ደግሞ ዝም አትበይ» አለ። «ይኼ በምን ይለቃል? አራት ዓመት የተማርሽው ይኼን አይደል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ፣ ማሩን እንዲያነሣ» አልሁ። «ከዚያ ነጭ ጋዝ በጨርቅ፣ ጥቂት ብቻ፣ ለሰሙ። ከዚያ ወዲያው ዳግመኛ መታጠብ አለባት፤ ጋዙ እንዳይቆይባት።» ቀና ብዬ ፀሐይዋን አየሁ። «ጥላ ውስጥ» አልሁ ጨምሬ። «ወደ ማዶው ጥላ እንግፋት።»

«ሰማችሁ?» አሉ አክስቴ፣ ነፍሳቸው እየተመለሰች። «ለዶሮው መግፈፊያ የተጣደውን ውሃ አምጡላት! ዶሮው ይቆይ!» እሳቸው ራሳቸው በገል ላይ ኩበት አጭሰው፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው መኪናዋን ዞሯት። «ሂዱ የኔ እመቤቶች» እያሉ። «ሂዱ፣ በኋላ እልክላችኋለሁ።» ንቦቹ ቀስ በቀስ ተነሡ፤ አንዲት ብቻ የአክስቴን ጣት ነደፈቻቸው። «ይገባኛል» አሉ፤ ጣታቸውን መጠጥ አድርገው ጭሱን ቀጠሉ።

ሰፈፉ በአንድ ጊዜ አልለቀቀም። ጨርቅ ሲቆሽሽ እየቀየርን፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ እየቀላቀልን፣ እኔ በግራ አባቴ በቀኝ ሠራን። አምስት ሰዓት አልፎ ነው ንጹሑ ጥቁር ቀለም የተመለሰልን። አጠብናት፣ በነጠላው አደረቅናት፣ አዲሱን ቆርቆሮ ከፈተ።

«በጣም ትንሽ» አለኝ። «ያለ እስከማይመስልሽ ድረስ። አክስትሽ ዳቦ ነው የቀባችው።»

«ሰማሁህ!» አሉ አክስቴ።

አሠራሩን አሳየኝ፤ በአንድ ጊዜ የትሪ ስፋት ያህል ብቻ ትቀቢያለሽ፤ ጭጋግ እስኪመስል ትጠብቂያለሽ፤ ከዚያ በደረቁ ታነሺዋለሽ፣ የጨርቁን ገጽ እየለዋወጥሽ። ቸኩዬ አንዱን ገጽ ሁለቴ ተጠቀምሁበትና ሰንበር ቀረ። አባቴ ቁጢጥ ብሎ፣ ጉንጩን ከበሩ ጋር አስተካክሎ አየው፤ «እዚህ ጋ» ብሎ በጣቱ ሳይነካ አሳየኝ። እኔም እንደ እሱ ቁጢጥ ብዬ አየሁ። እንደዚያ ዝቅ ብለው ሲያዩዋት መኪናዋ ሌላ ነገር ናት። የማዶው ባሕር ዛፍ ቁልቁል ተዘርግቶባታል፤ ደመና በኮፈኑ ላይ ያልፋል፤ የግቢው በር ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ነጠላ እየነጣ ይወዛወዝባታል። እንዲህ ደስ ሲለኝ ሳቄ ይመጣል። አባቴም ምንም ሳይጠይቀኝ ሳቀ።

ስድስት ሰዓት ላይ እህቴ ጠዋቱን ሙሉ ፀጉሯን ስትሠራ ከቆየችበት ክፍል ወጣች። ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሏል፣ ስልኳ በእጇ ነው። ስለ ንቡ ማንም አልነገራትም፤ ሴቶቹ እንደማያውቁ ሆነው ሽንኩርታቸው ላይ አቀርቅረዋል። መኪናዋን ዞረች። አባቴ ጎማ የሚመለከት መሰለ። የኋላው በር ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ጎንበስ አለች፤ ራሷን አየች።

«ወይኔ! እንዲህ ሆኜ ነው ቀኑን ሙሉ የምዞረው?» አለችና ቢጎዲኗን ያዘች። ከዚያ መዳፏን ወደ በሩ ዘረጋችና ሳትነካው መለሰችው። ደወለች።

«ሄሎ… ነጯ መኪና ትቅር። አዎ፣ አታምጧት። በአባዬ መኪና ነው የምሄደው።»

አባቴ ጨርቁን ይጨምቅ ጀመር፤ ደረቅ ጨርቅ ነበር።

«ግን» አለች እህቴ አየሩን እያሸተተች፣ «ለምንድን ነው ማር ማር የምትለው?»

ዳሱ ውስጥ የታፈነው ሳቅ በአንዴ ፈነዳ። አክስቴ ያበጠ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ።

እሑድ የሙሽራው ወገኖች እየጨፈሩ ደረሱ። ሪባኑን ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ ቀለሟን እንዳይቧጥጣት ከሥሩ ቁራጭ ነጠላ አድርጌ። አባቴ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሰዉ ሙሽራዋ እስክትወጣ ሲጠብቅ፣ ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ረጅሙ፣ ፎቶ ሊነሣ ወደ መኪናዋ ተጠጋና ክርኑን ኮፈኑ ላይ ደገፍ አደረገ። የኮቱ ቁልፍ ቀለሙን ሲነካ ቀጭ ሲል ሰማሁት። አባቴም ሰምቷል። ግን የሙሽራው ወገን ነው፣ እንግዳ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የለመደውን ፊት አደረገ፣ ምንም ያላየ ሹፌር ፊት።

«አንተ! ክርንህን አንሣ!»

ከበሮው ቆመ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ካሜራውን ወደ እኔ አዞረ። የጮኸው ማን እንደሆነ የገባኝ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ነው።

«እኔን ነው እህቴ?» አለ ሚዜው።

«አንተን ነው። ፖሊሽ ነው፣ ይለቃል።»

ሁለት እጁን ፖሊስ እንደያዘው ሰው ወደ ላይ ዘርግቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጓደኞቹ ጮኹበት፤ አክስቴ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ከበሮው ተመለሰ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል፤ ግን ወደ ቤት አልሮጥሁም። ክርኑ ያረፈበትን በጨርቁ ንጹሕ ገጽ ሁለት ጊዜ ጠረግሁት፤ ቁጢጥ ብዬ በጎን አየሁት፤ ምንም የለም። እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። አባቴ በሩን ራሱ ዘጋላት፣ መያዣውን ብቻ ይዞ።