ሙንዚር የረሳው ድቤ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከልብስ ስፌት ቤቴ አጠገብ የሚሠራው ሙንዚር ወዳጄ ነው፤ ስለዚህ ባማው መብቴ ነው። ሥራው ለድምፅ ማጉያ ትራንስፎርመር መሥራት ነው። የተበላሸ ስታቢላይዘር ፈትቶ ብረቱን ይወስዳል፤ ሽቦውን ኮምቦልቻ ወርዶ ከተጣለ የፋብሪካ ሞተር ያመጣል። አዲሱ ዕቃ አይቀመስም፤ የሙንዚርን ግን የገጠር መስጊድም ይችለዋል። እየቆጠረ ሲጠመጥም ሰላም ካሉት ቁጥሩ ይጠፋበትና ይኮሳተራል። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ሰላም እለዋለሁ።

እናቱ እማማ ሐዋ የሚኖሩት ደሴ ዙሪያ፣ ከመንደሩ መስጊድ በገደል ማዶ ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ መንዙማ ያለ እሳቸው አይደምቅም ነበር ይባላል። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን መውሊድ ቀርቶባቸው፣ ደጃፋቸው ተቀምጠው ነፋስ ያመጣላቸውን ብቻ ይሰማሉ።

አምና ሙንዚር፣ "አብሽሪ እማ፤ ዘንድሮ መንዙማውን ደጅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ" አላቸው።

እሳቸው ዘንድ መብራት የለም። ስለዚህ ደጃፋቸው ላይ የድምፅ ማጉያ ጡሩንባ ሰቅሎ፣ ከመስጊዱ ማጉያ ድረስ በገደሉ ላይ ቀጭን ሽቦ ዘረጋ። በመስጊዱ በኩል ያለው ትራንስፎርመር የድምፁን ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ ይልካል፤ ማዶ ያለው መልሶ ዝቅ አድርጎ ለጡሩንባው ይሰጣል። እንዲረክስለት የትራንስፎርመሮቹን ብረት በጣም አሳነሰው። በአዛን ሞከረው፤ ጥርት አለ። ያን ሰሞን ሙንዚርን ማን ይቻለው!

በመውሊዱ ዕለት ጠዋት፣ ወሬ አያምልጠኝ ብዬ አብሬው ሄድኩ። መንዙማው ተጀመረ፤ ድቤው ሲመታ የማዶው ጡሩንባ እንደ ታመመ በሬ አጓራ። ግጥሙም ዜማውም ተበላሸ። ያ ትንሽ ብረት የሰው ድምፅ እንጂ የድቤ ወፍራም ድምፅ አይችልም። አዛን ደግሞ ድቤ የለውም። ወሎ ተወልዶ ድቤ ይረሳል?

ላብ በላብ ሆኖ ከኪሱ ካፓሲተር አወጣና ከሽቦው መሀል አስገባው፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያስቀር ነው። ማጓራቱ ቆመ፤ መንዙማውን የሚያወጡት ሼህ ድምፅ ጠራ። ድቤው ግን ማዶ ሲደርስ ጠቅ ጠቅ ብቻ ሆነ። ድቤ የሌለው መንዙማ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ሙንዚር አንገቱን ደፍቶ ዋለ።

ሲያልቅ እናቱን ይቅርታ ሊጠይቅ ገደሉን ተሻገረ፤ እኔም ተከተልኩት። እማማ ሐዋ ጡሩንባው ሥር ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ አሮጌ ድቤ አለ፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

"አውፍ በይኝ እማ፤ ድቤው አልመጣልሽም" አለ።

"ድቤውንማ እኔ መታሁት! ያችን ጠቅ ጠቅ እየተከተልኩ። ወላሂ፣ ዛሬስ ከጀማው መሀል ነው የዋልኩት" አሉና እጁን ስበው ሳሙት። አልዋሽም፤ እንባዬ መጣ።

ሙንዚር እልኸኛ ነው። ለዘንድሮው መውሊድ ድቤ የሚችል ትልቅ ትራንስፎርመር ሠርቶ፣ ተሸክሞ ወሰደላቸው። እማማ ሐዋ አገላብጠው አዩትና፣ "ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነው። ለሌላ ሰው ስጠው፤ እኔን ሥራዬን አትንጠቀኝ" ብለው መለሱት።