አምስት ሽንፈትና የበረኛችን ምሳ

ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ከቀትር በኋላ... ኳሷ ያለ ምንም ችኮላ፣ በበረኛችን በካሳ እግሮች መሃል ሾልካ ስትገባ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። እርግጫ እንኳ አልነበረም እኮ፣ ልጅ የገፋት ነው የምትመስለው።

ሦስት ለዜሮ። በተከታታይ አምስተኛ ሽንፈታችን!

እኛ የደሴ መንገድ ሠራተኞች ነን። ኳስ የምንችለውን አሥራ አንዳችንን አለቃችን ካቦው ከድንጋይ ፈለጣ አውጥቶ ጋራዥ አስገብቶናል። ጥላ ሥር ጎማ እንለጥፋለን፣ ሐሙስና እሑድ እንጫወታለን። የዚያን ዕለት ግን ከሜዳ ሳንወጣ ሰበሰበን።

«አንድ ጊዜ ደግማችሁ ብትሸነፉ ኳሷን እቀማችኋለሁ! ሁላችሁም መዶሻችሁን ይዛችሁ ወደ ድንጋያችሁ!»

ሌሊቱን ሁሉ ሳሰላስል አደርኩ። ረመዳን ስለሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል... አውቃለሁ! ከአሥራ አንዳችን አሥራችን ሙስሊሞች ነን። እኛ ግን ጦሙን ከልጅነታችን የለመድነው ነው፤ ምንም አያደርገንም። ካሳ ደግሞ የመንዝ ክርስቲያን ነው፣ ጦም የለበትም። እሺ የጦመው እየሮጠ፣ የበላው እንዴት ቆሞ ያንቀላፋል?

እኔ ሰው መጠርጠር አልወድም... ውሸቴን ነው፣ እወዳለሁ።

ሰኞ ዕለት ሰኞ ገበያ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ካሳን! ከተጋጣሚዎቻችን ከኮምቦልቻዎቹ አጥቂ ጋር ቆሞ ያወራል። ሰውየው እኔን ሲያይ እብስ አለ።

«ምን ይልሃል ይሄ?» አልኩት ካሳን።

«ያገሬ ሰው ነው። ከእናቴ ሰላምታ ይዞልኝ መጥቶ ነው።»

የእናቱ ሰላምታ! በሌላ አጥቂ አይላክም ነበር? የደሴው አጥቂ እኔ እያለሁ?

ሌላም አለ። ቀትር ላይ ዳቦ ይታደለናል። እኛ ጦመኞቹ የየድርሻችንን ለማታ እናስቀምጣለን። ካሳ ግን የሱን በነጠላው ጠቅልሎ ወደ ካሚዮኖቹ ጀርባ ይሰወራል። ዳቦ ለመብላት መደበቅን ምን አመጣው? እዚያ የሚያገኘው ሰው ቢኖር ነው እንጂ!

ማክሰኞ ጠዋት ካቦው ዘንድ ገባሁ።

«ካቦ፣ ካሳ ሸጦናል።»

«ማስረጃ አምጣ» አለኝ። «ዛሬውኑ ወደ ድንጋዩ እመልሰዋለሁ።»

በቀትር ተከተልኩት። ጫማዬን አውልቄ፣ በጎማ ክምር ተከልዬ አጮልቄ አየሁ። ካሳ ብቻውን መሬት ላይ ተቀምጧል። ዳቦውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያየዋል... ያየዋል... መልሶ ጠቀለለው!

ዘልዬ ወጣሁ። «አንተ! ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ኧረ ማንንም!» ደነገጠ።

«ታዲያ ለምን አትበላም?»

አንገቱን ደፋ። «እናንተ አፋችሁ ደርቆ እየዋለ እኔ ፊታችሁ ላመነዥክ? ነውር አይደለም እንዴ ሰይዶ? እናንተ የጀመራችሁ ዕለት ነው አብሬ የጀመርኩት። አዛን ሲል ቤቴ ሄጄ እበላዋለሁ።»

ክው አልኩ። «ሱሁርስ? ሳይነጋ ተነስተህ ትበላለህ?»

ካሳ በንቀት አየኝ። «ሌሊት ተነስቶ በልቶማ ምኑን ጦመው? እኔን እናቴ እንዲያ ያለ ጦም አላስተማረችኝም!»

አጃኢብ! ሰውየው የኛን ረመዳን በቀን አንዴ ብቻ እየበላ፣ ከኛ አጥብቆ እየጦመልን ኖሯል። ግቡ ሥር ሲያንቀላፋ የነበረው ጠኔ ነው ለካ! ወላሂ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ካቦው ዘንድ ተመለስኩ።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ሸጦናል?»

«ኧረ... ርቦት ነው።»

ካቦው ጢሙን እያሻሸ ዝም ብሎ አየኝ።

ካሳን «በቃ ብላ» ብለው ሞቼ እገኛለሁ አለ። «እንግዲያስ የኛን ጦም የምትጦም ከሆነ እንደኛ ጡም» ብዬ ለሱሁር እቤቴ ጎተትኩት። ሥጋችን ስለማይሆንለት እናቴ ሽሮ ለይታ ትሠራለታለች። መጀመሪያ ቀን እጁን ሰብስቦ ቢቀመጥ፣ «ብላ እንጂ የኔ ልጅ፣ ጦሙ እንደሁ የኛ ነው፣ አጧጧሙን እኛ እናውቃለን» ብላ በግድ አጎረሰችው።

ሐሙስ ዕለት እንደ ነብር እየተወረወረ ሁለት ያለቀላቸው ጎሎች አወጣ፤ አንድ ለዜሮ አሸነፍን። መዶሻው ቀረልን። እሑድም ደገምን፣ ቀጥሎ ሐሙስም። ትናንት ደግሞ እዚያው ኮምቦልቻ ወርደን፣ የገዛ ሜዳቸው ላይ ሁለት ለአንድ!

በካሚዮን ሽቅብ ወደ ደሴ ስንመለስ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ደረሰ። ተምር ተካፈልን፤ ካሳም ከጎኔ አፈጠረ። ያቺን የመጀመሪያዋን ተምር ሲጎርስ እንዴት ደስ እንዳለው ሳይ መደበቁ አቃተኝ።

«ካሳ... ይቅር በለኝ። ኮምቦልቻዎች ገዝተውሃል ብዬ ለካቦው ነግሬብህ ነበር። ማስረጃ ባገኝ ኖሮ ዛሬ ድንጋይ ስትፈልጥ ነበር የምትውለው።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሰውየው ተምሩ ትን እስኪለው ድረስ ሳቀ።

«ሰይዶ፣ እኔ እኮ ካንተ በፊት ነግሬብሃለሁ! አምስት ጨዋታ ሙሉ ባዶ ግብ ፊት ቆመህ ስትስት ምን ልበል? ሸጦናል ነው ያልኩት።»

«እኔን?! እኔማ ጦም ይዞኝ ነው!»

ከዚያ በኋላ እስከ ደሴ ስንሳሳቅ መጣን። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለኝ... ሁለታችን አንዳችን ሌላችንን ስንከስ ካቦው ሰምቶ፣ ለአንዳችንም ሳይነግረን ዝም ያለው ለምንድን ነው? ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምጠረጥረው እሱን ነው።