በበረዶ ላይ የተቀማ መንገድ

ይጻፍልኝ የምለው በደል በእኔ ላይ የተፈጸመ አይደለም። ቤቴ ተከራይታ በኖረች አንዲት የውጭ አገር ሴት ላይ፣ እኔ በዓይኔ አይቼው በማላውቀው አገር፣ በበረዶ ላይ የተፈጸመ ነው። ሁለት ሴቶች ይሽቀዳደሙ ነበር። መንገዱ የእሷ ነበር፤ ሌላዋ ቀማቻት፤ ዳኛው ቆሞ ዝም አለ። የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ እርስዎን ምን አገባዎት?» ይሉኛል። ያገባኛል። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲያ ትምህርቴን ብዙ ባልገፋም፣ ይህን ለመጻፍ የሚያህል እጅ አለኝ።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ ከድርቁ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ባለቤቴ ሞቶ፣ ልጆቼን ይዤ፣ ሰቆጣ ካለው ቤቴ አንዱን ክፍል ለመምህራን አከራይ ነበር። እሷን ያመጣት የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ነው፤ እንግሊዝኛና ስፖርት ታስተምራለች አለኝ። ረጅም፣ ጭኗ እንደ አራሽ የጠነከረ፣ አማርኛዋ ገና የሚንገዳገድ ወጣት ነበረች።

ብዙም ሳትቆይ ሰፈሩ ይስቅባት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ዳር ወዳለው አውድማ ትወጣና ወገቧን አጥፋ፣ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየተስፈነጠረች ትዞራለች። ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ «ተከራይሽ ምን ጠፍቷት ነው መሬት መሬት የምታየው? ትንገረንና አብረን እንፈልግላት እንጂ» አለችኝ።

እኔም ጠየቅኳት። ከሣጥኗ ከሥሩ ረጅም ስለት የተገጠመለት ጫማ አወጣች። ጎረቤቴ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ይኼማ የጎመን መክተፊያ ነው፤ እግር ምን ያደርግለታል?» አለች። ልጅቷ ሳቀችና ነገረችን። በአገሯ በብርድ ወራት ሐይቁ በረዶ ሆኖ ይጠጥራል፤ ሰው በዚህ ጫማ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይሽቀዳደማል። ከልጅነቷ ጀምራ ስትሮጥበት አድጋ፣ ለአገሯ ተመርጣ፣ በየአገሩ እየዞረች ተወዳድራለች። እኔ በረዶ የማውቀው ገብሳችንን ሲያራግፈው ነው። ግማሹን አመንኩ፣ ግማሹን ተውኩት።

ሙሉ በሙሉ ያመንኳት በደሏን የነገረችኝ ቀን ነው። ምስር እየለቀምን ነበር። ሰፌዱ ላይ ያለውን ምስር በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ ሁለት ክብ መስመሮች ሠራች፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። ሁለቱ ሯጮች ጎን ለጎን ይነሣሉ። የውጩ መስመር ረጅም ስለሆነ፣ እኩል እንዲሆኑ በየዙሩ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሲተላለፉ ግን ሊጋጩ ይችላሉ፤ ያኔ ከውጭ የምትመጣው ትለፍ፣ ከውስጥ የምትወጣው ትታገሥ ነው ሕጉ፤ ሲጣስ ያየ ዳኛ ባንዲራ ያነሣል።

«ይኼማ የገደሉ ሕግ ነው» አልኳት። ወደ ቆላ የሚወርደው የጨው መንገድ ዓለት ላይ የተፈለፈለ ነው፤ ሁለት አህያ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ጨው ጭኖ ከቆላ የሚወጣ ባዶውን ከሚወርድ ጋር ሲገናኝ፣ ባዶው ከግድግዳው ተጠግቶ ይቆማል። ይህን የጻፈው ሰው የለም። ያልቆመ ሰው ግን ገበያ ላይ ሰላምታ የሚሰጠው አያገኝም።

ውድድሩ የተፎካካሪዋ አገር ላይ ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ የዚያችን ስም ይጠራል። በመጨረሻው መተላለፊያ ላይ የእኔዋ ከውጭ መጣች። ያችኛዋ ከውስጥ ወጣች፣ አልታገሠችም። እንዳይጋጩ የእኔዋ ቀና ብላ ፍጥነቷን ገታች፤ በበረዶ ላይ አንዴ የተገታ ፍጥነት ደግሞ አይመለስም። ለጥቂት ተሸነፈች። አሰልጣኟ፣ «እንግዶች ነን፤ ካጉረመረምን ዳግም አይጠሩንም» ብሎ ዝም አሰኛት። እሷም ውድድሩን ትታ እኛ ዘንድ መጣች።

«ዳኛው አይቷል?» አልኳት።

«አላውቅም።»

«ሳያይ ቀርቶ ከሆነ ስሕተት ነው። አይቶ ከሆነ በደል ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«እትዬ፣ መቼ ወስዶኝ ያውቃል?» አለችኝ።

ይህን ሰምቼ መተው አልሆነልኝም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የነፍስ አባቴንና ዕድሜውን በጨው ንግድ ላይ ታች ሲል የፈጀ አንድ ሽማግሌ ጠርቼ፣ ሰፌዱን ከነምስሩ ከፊታቸው አስቀመጥኩ። ጎረቤቴ ሳትጠራ መጥታ ነበርና፣ «የመሬቱ ክስ ሁሉ አልቆልን ነው የበረዶ የምንፈርደው?» አለች።

ነጋዴው በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ይጠይቃል፣ እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ። ጭነት ነበራቸው ወይ አለ፤ የላቸውም። እንግዲያ ከሩቅ የመጣችው የትኛዋ ናት አለ። ልጅቷ በጣቷ የውጩን መስመር ዞረችበት። ሽማግሌው ብዙ አላሰበም፤ «መንገዱ የእሷ ነው። ግመልም ቢሆን ይቆምላታል» ብሎ ፈረደ።

የነፍስ አባቴ ግን እንቢ አሉ። ስለ መንገዱ ተስማምተዋል፤ ዳኛውን ግን ቃሉን ሳንሰማ አንኮንነውም አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰውየውን ጠይቀሽዋል?»

«አልጠየቅሁም፣ አባ።»

«ስለምን?»

«አላየሁም ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ። ያኔ የምቆጣው ሰው አይኖረኝም። የምወደውን ነገር እንዲያው በከንቱ ተውኩት ማለት ነው።»

የነፍስ አባቴ፣ «ሂጂና ጠይቂው። መልሱን ስታመጪ እንቀመጣለን» ብለው መስቀላቸውን አሳልመዋት ተነሡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ተነሣሁባት። መሄድሽ ካልቀረ እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ሯጭ ሂጂ፤ ሜዳውን የተወን ሰው ማንም ዳኛ አይሰማውም አልኳት። ወገቧን አጥፋ ስትቆም ማሽላ የያዘ ጆንያ ትከሻዋ ላይ አስቀምጥላት ነበር። ጎረቤቴ አይታ፣ «አህያ ከገበያ ጠፋ እንዴ?» አለች፤ ደግሞ ወዲያው መጥታ ጆንያውን በማዶ በኩል ደገፈችልኝ። በዝናብም በፀሐይም አላስቀረኋትም። ደከመኝ ስትለኝ፣ ያችኛዋ አሁን የተኛች ይመስልሻል እላት ነበር። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ ጫማዋን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ወሬዋን የምሰማው ከዲሬክተሩ ነው። ተመልሳ ለአገሯ ተመረጠች፤ ባሕር ማዶ ተወዳደረች፤ አንዴ ሦስተኛ ወጣች። ሌላ ጊዜ ወድቃ ጉልበቷን ተጎዳች፣ ድና ደግሞ ገባች። ስለ ዳኛው የሚለው ነገር አልነበረውም። በወሬ የሚመጣ መልስ አልፈልግም ብዬ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከዓመታት በኋላ አንድ በጋ፣ ከኮረም በመጣ የጭነት መኪና ላይ ወረደች። ፊቷ ጠንክሯል፤ አንድ እግሯን ሳብ ታደርጋለች። ሽማግሌው ነጋዴ ሞቶ ነበር። የነፍስ አባቴን አስጠራሁ፤ ጎረቤቴ እንደ ልማዷ ሳትጠራ መጣች። ልጅቷም ሁላችን እስክንቀመጥ ጠብቃ ተናገረች።

ያ በደል በተፈጸመበት ከተማ፣ በዚያው በረዶ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሮጣ ነበር። ውድድሩ እንዳለቀ ዳኛውን ተመልካቹ መሐል አየችው፤ አርጅቶ ዳኝነቱን ትቷል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሄዳ ፊቱ ቆመች፤ ያን ቀን መንገዴን ስትቀማኝ አይተዋል ወይስ አላዩም አለችው። ሰውየው ማን እንደሆነች አልጠየቃትም። የመለሰላትን ቃል በቃል ነገረችን፦

«አይቼ ነበር። ባንዲራው በእጄ ነበር። ከማዶ የቆመው ዳኛ ያነሣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ለካ እሱም እኔን ይጠብቅ ነበር።»