ሊሾው ይደርሳል

አክስቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀን ሆናቸው።

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ያለው ቤታቸው ወለሉ አፈር ነበር። ሳሎኑ ጥግ ግን ሦስት አሮጌ አቧራ መምጠጫ ማሽኖች ዳንቴል ለብሰው ይቆሙ ነበር። አንዱን ፈረንጅ አሠሪያቸው አገር ለቆ ሲሄድ ተወላቸው፤ ሁለቱን ራሳቸው ከመርካቶ ለቅመው ጨመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለውሏቸውና "ሊሾው ይደርሳል" ይሉ ነበር።

ማሽኖቹን ጠግኜ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ያለ መምህር ኤሌክትሪክ የተማርኩ፣ በጉለሌ እኩያ ያልነበረኝ ሰው ነኝ። ይህንኑ በየጠጅ ቤቱ አወራሁ።

በሳምንቱ የቀበሌ ፈታሾች መጡ።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አቧራ መምጠጫ።"

"አፈር ወለል ላይ? ቤቱን ሊያስውጡት ነው? ይሄማ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው!"

እኔ አንዱን ሰክቼ አስነሣሁት። ወለሉን ፍቆ፣ በአሮጌው ከረጢት ቀዳዳ ቀይ አቧራ ሲተፋብን ፈታሾቹ እያሳሉ ሳቁ። አክስቴን ተዉአቸው፤ ማሽኖቹን ግን ሦስቱንም ጭነው ሄዱ።

"ማን ይሆን ያወራብኝ ልጄ?" አሉኝ። ቀዩን አቧራ ከልብሴ ማራገፍ ጀመርኩ።

ከዓመታት በኋላ ሊሾውን በገዛ እጄ አፈሰስኩላቸው፤ እንደ መስታወት ያበራል። አክስቴ መርቀውኝ፣ ባዶውን ጥግ እያዩ እንደገና ጠየቁኝ። ከዚያም ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥጉን ሲጠርጉ ይጠይቁኝ ነበር።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ጥጉን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠይቀኝ የለም።

እትዬ፣ ያወራሁት እኔ ነበርኩ።