የእናቴ ቀይ መቀነት

ወረታ መገንጠያ ላይ መኪናዬን ሳቆም፣ ገና ከተቀባው የትራፊክ ምልክት የቀለም ሽታ በመስኮት ገባ። የምልክቱ ቅላት የእናቴን መቀነት አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ ጎርፍ የፎገራን መንገድ ጠርዝ ቆርሶ ወሰደው። አባቴ ሾፌሮችን ለማስጠንቀቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተከለ። ቅጠሉ ግን መንገዱ ዳር ካለው የሩዝ ማሳችን ጋር ተመሳሰለና አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ተረፈ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ከአረሟ ብድግ ብላ መቀነቷን ፈታችና ቅርንጫፉ ላይ አሰረችው።

«ቅጠል በሩዝ መሀል ማን ያየዋል? ዓይን የሚሮጠው ወደ ቀይ ነው» አለች። ያኔ አልገባኝም። ቀጥሎ የመጣው መኪና ግን ከሩቅ ቆመ።

ዛሬ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«ጽሑፉ ምን ይላል?» አለችኝ ወደ ምልክቱ እያየች።

«ገና አላነበብሁትም እማ። እግሬ ፍሬን የያዘው ቀዩን አይቶ ነው።»